አንድ ላፕቶፕ፣ ሁለት ሾፌር፦ የድሮ የመኪና ጌሞችን ጎን ለጎን ተቀምጦ መጫወት

ደብረ ማርቆስ ላይ ክረምት ሲገባ የውጭ ጨዋታ ያበቃል። ኳስ የምንጫወትበት ሜዳ ጭቃ ይሆናል። ትምህርት ቤት ዝግ ነው። እኛ ቤት ያኔ ለሁለት ወንድማማች አንድ ኮምፒውተር ነበር። አንዱ መኪና ሲነዳ ሌላው ከኋላው ቆሞ "ይበቃሃል፣ ተራዬ ነው" ይላል። ጭቅጭቁ ወደ ድብድብ ሲጠጋ እማዬ ትመጣና ሶኬቱን ትነቅለዋለች።

ይህን የለወጠው አጎታችን ከአዲስ አበባ የላከልን አሮጌ ዴስክቶፕ ነው። ኒድ ፎር ስፒድ 3 የሚባል የመኪና ጌም ተጭኖበት መጣ። ወንድሜ ሜኑውን ሲነካካ "ስፕሊት ስክሪን" የሚል ነገር አገኘና ተጫነው። ስክሪኑ ከመሃል ለሁለት ተከፈለ። ላይኛው የእኔ፣ ታችኛው የእሱ። ከዚያ ቀን ጀምሮ ተራ መጠበቅ ቀረ።

ዛሬ የእህቴ ልጆች በዚያው ዕድሜ ላይ ናቸው። ላፕቶፓቸው ከዚያ ዴስክቶፕ ጋር በፍጹም አይወዳደርም። ግን ባለፈው ትልቁ መጣና "ጋሼ፣ ኒድ ፎር ስፒድ ሞስት ዋንትድ ላይ ለሁለት የሚያጫውተው የት ጋ ነው?" አለኝ። የትም የለም። ለምን እንደሌለ፣ ካለም የት እንዳለ፣ ከሌለ ደግሞ ምን ማድረግ እንደሚቻል ቁጭ ብዬ አስረዳሁት። እዚህ የምጽፈው ያንኑ ነው፤ ትንሽ ሰፋ አድርጌ። የምጠቅሳቸው ዓመታት በሙሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።

ሜዳው አንድ፣ ዓይኑ ሁለት

ጥር 23 እንጅባራ ሄዳችሁ የአገው ፈረሰኞችን በዓል አይታችሁ ከሆነ ነገሩ ቶሎ ይገባችኋል። ሁለት ፈረሰኛ ጉግስ ሲጫወት ሜዳው አንድ ነው። አቧራው አንድ ነው። እያንዳንዱ የሚያየው ግን የራሱን ፈረስ ጆሮና ከፊቱ ያለውን ብቻ ነው። ስፕሊት ስክሪንም እንደዚሁ ነው። ኮምፒውተሩ የሚያስኬደው ውድድር አንድ ነው። የመንገዱን፣ የመኪናዎቹንና የግጭቱን ስሌት የሚያሰላው አንድ ጊዜ ነው። ከዚያ በኋላ ግን ሁለት ካሜራ ያስቀምጣል፤ አንዱን ከእኔ መኪና ኋላ፣ አንዱን ከአንተ መኪና ኋላ። ያንኑ ሜዳ ከሁለት ቦታ ይስለዋል።

እዚህ ላይ ብዙ ሰው የሚሳሳተው ነገር አለ። "ስክሪኑ ያው አንድ ነው፤ ለሁለት ቢከፈል ኮምፒውተሩ ላይ ምን ይጨምራል?" ይላሉ። እንጀራ መጋገርን አስቡ። ለሁለት ትንንሽ እንጀራ የሚፈሰው ሊጥ ከአንድ ትልቅ እንጀራ አይበልጥም። ምጣዱን ማሰሱ፣ መክደኑ፣ ማውጣቱ ግን ሁለት ጊዜ ነው። ሊጡ ማለት ስክሪኑ ላይ ያሉት ነጠብጣቦች ናቸው፤ ቁጥራቸው አይጨምርም። ማሰሱና መክደኑ ደግሞ "ይህን ዛፍ ሳል፣ ይህን ቤት ሳል፣ የዚህን መኪና ጥላ ጣል" እያለ ፕሮሰሰሩ ለግራፊክስ ካርዱ የሚያስተላልፈው ትዕዛዝ ነው። እሱ ወደ እጥፍ ይጠጋል።

ጊዜው ደግሞ በጣም ጠባብ ነው። በሰከንድ 60 ምስል ለማሳየት ለአንዱ ምስል የሚደርሰው ጊዜ ወደ 16.7 ሚሊሰከንድ ነው። በዚያች ቅጽበት ሁለቱም ተስለው ማለቅ አለባቸው። የድሮ ጌም ሠሪዎች በዚህ ምክንያት ከባድ ውሳኔ ይወስኑ ነበር። ኔንቴንዶ 64 በሚባለው የጌም ማሽን ላይ በ1996 የወጣውን ማሪዮ ካርት 64ን ውሰዱ። ሦስት ወይም አራት ሰው ሆናችሁ ስትጫወቱ የውድድሩ ሙዚቃ ይጠፋል። ለአራት ሰው ስክሪኑን ለአራት ከፍለው ሲያበቁ ከሌላ ቦታ መቀነስ ነበረባቸው።

የዘመኑ ላፕቶፕ የድሮ ጌም ሁለት ጊዜ መሳል አያቅተውም። እንደ ግሪድ 2 ያለ ትንሽ ዘመን የቀረበ ጌም ላይ ግን ከተንቀራፈፈባችሁ መጀመሪያ የኋላ መስታወቱን አጥፉ። ስክሪኑ አናት ላይ ያለችው ትንሽ መስታወት ራሷን የቻለች ካሜራ ናት። ለሁለት ተጫዋች ሁለት መስታወት ከበራ ሜዳው አራት ጊዜ ይሳላል ማለት ነው። ቀጥሎ ጥላን ዝቅ አድርጉ። ከዚያ መኪናው ቆዳ ላይ የሚያበራውን ነጸብራቅ። ላፕቶፑ ቻርጀር ላይ መሰካቱንም እዩ፤ በባትሪ ብቻ ሲሠራ ብዙውን ጊዜ ራሱን ያዘገያል።

ለምን ኮምፒውተር ላይ ጠፋ?

ስፕሊት ስክሪን አዲስ ነገር አይደለም። በ1984 ኢፒክስ የተባለ ድርጅት ያወጣው ፒትስቶፕ 2 ሁለት ሰው በተከፈለ ስክሪን እኩል የሚሽቀዳደምበት የመኪና ጌም ነበር። ያኔም በኮሞዶር 64 ዓይነት የቤት ኮምፒውተር ላይ ይሠራ ነበር።

ከዚያ በኋላ ሁለት መንገድ ተለያየ። ፕሌይስቴሽን ሲሠራ የታሰበው ለሳሎን ነው። ቴሌቪዥኑ ትልቅ ነው፣ ሶፋው ሰፊ ነው፣ ማሽኑ ራሱ ፊቱ ላይ ሁለት የጆይስቲክ ቀዳዳ አለው። ጌም ሠሪው "ሁለተኛ ሰው አለ" ብሎ ይጀምራል። ኮምፒውተር ግን ለጠረጴዛና ለአንድ ወንበር ነው የታሰበው። ስክሪኑ 14 ወይም 15 ኢንች ነበር። ጆይስቲክ ያለው ሰው ጥቂት ነው። የኮምፒውተር ተጫዋቾች ደግሞ ሌላ መላ አገኙ፤ ኮምፒውተሮቻቸውን በገመድ አገናኝተው እያንዳንዱ በየራሱ ስክሪን ይጫወት ጀመር። ላን የምንለው እሱ ነው። በኋላ ኢንተርኔት መጣ። ሠሪዎቹም "የኮምፒውተር ተጫዋች ሁሉ የየራሱ ማሽን አለው" ብለው ደመደሙ።

ይህ ድምዳሜ ለሀብታም አገር ልክ ሊሆን ይችላል። ለደብረ ማርቆስ፣ ለቡሬ፣ ለሞጣ ቤቶች አልነበረም። እኛ ጋ የሚቸግረው ማሽን ነው እንጂ ተጫዋች ሞልቷል። ኢንተርኔት ደግሞ ሲፈልግ ይመጣል፣ ሲፈልግ ይሄዳል። የተወሰደብን ለእኛ ከሁሉ በላይ የሚሆነን ነገር ነው ብዬ አምናለሁ።

የእህቴን ልጅ ጥያቄ የሚመልሰውም ይኸው ነው። ኒድ ፎር ስፒድ አንደርግራውንድ 2 በ2004፣ ሞስት ዋንትድ በ2005 ሲወጡ የፕሌይስቴሽን 2 ተጫዋቾች ስክሪኑን ለሁለት ከፍለው ይጫወቱ ነበር። የዚያው ጌም የኮምፒውተር ቅጂ ላይ ግን ይህ ምርጫ አልገባም፤ ላንና ኢንተርኔት ብቻ ነው ያለው። የኮምፒውተር አቅም አንሶ አልነበረም። የተሠራው ሥራ ለኮምፒውተሩ ስላልተሰጠ ነው።

ሜኑው ላይ ያላቸው ጌሞች

ቀላሉ መንገድ ከመጀመሪያው ለሁለት የተሠራ ጌም መምረጥ ነው። የድሮዎቹ ኒድ ፎር ስፒዶች እዚህ ላይ ለጋሶች ናቸው። የ1997ቱ ሁለተኛው፣ የ1998ቱ ሦስተኛው ሆት ፐርሱት፣ የ1999ኙ ሃይ ስቴክስ፣ ሦስቱም ኮምፒውተር ላይ ስክሪኑን ለሁለት ይከፍላሉ። ለእኔ የሁሉም ራስ ሦስተኛው ነው። መንገዶቹ ሰፊ ናቸው፣ መታጠፊያው ከሩቅ ይታያል። በግማሽ ስክሪን ስትነዱ ይህ ትልቅ ነገር ነው።

ሪ-ቮልት የ1999 ጌም ነው። በሪሞት የሚነዱ የመጫወቻ መኪናዎች ሰፈር ውስጥ፣ ሱፐርማርኬት ውስጥ፣ ሙዚየም ውስጥ ይሽቀዳደማሉ። የመጀመሪያው የኮምፒውተር ቅጂ ስፕሊት ስክሪን አልነበረውም። ደጋፊዎቹ ግን አርቪጂኤል የሚባል፣ ጌሙን የሚያስኬድ አዲስ ፕሮግራም ሠሩለት። የዋናውን ጌም ፋይሎች ይጠቀማል፣ በዘመኑ ዊንዶውስም በሊኑክስም ላይ ይሠራል፣ ስክሪኑንም እስከ 4 ሰው ይከፍላል። ፈጣሪዎቹ ያልሰጡንን ተጫዋቾች ከዓመታት በኋላ ጨመሩልን። ይህን ሳስብ ልቤ ይሞላል።

ትንሽ ወደዚህ ስትመጡ የ2010ሩ ብለር እስከ 4 ሰው፣ የ2011ዱ ዲርት 3 እና የ2013ቱ ግሪድ 2 ለሁለት ሰው ይሆናሉ። ሶኒክ ኤንድ ኦል ስታርስ ሬሲንግ ትራንስፎርምድም እስከ 4 ሰው ያስኬዳል፤ ለትንንሽ ልጆች ከሌሎቹ ይሻላል።

ገንዘብ የማትከፍሉበት ከፈለጋችሁ ሱፐርተክስካርት አለ። ነጻ ሶፍትዌር ነው። አንዴ አውርዳችሁ በፍላሽ ለጎረቤት ብትሰጡ ሕጉ ራሱ ይፈቅዳል። ደካማ ላፕቶፕ ላይ ይሄዳል፣ ኪቦርድና ጆይስቲክ ቀላቅሎ ይቀበላል። ልምምዱን በዚህ ጀምሩ እላለሁ።

አንድ ሌላ ዓይነትም አለ፤ ስክሪኑን የማይከፍል፣ ግን አንድ ላፕቶፕ ላይ ብዙ ሰው የሚያጫውት። በ2008 በነጻ የተለቀቀው ትራክማኒያ ኔሽንስ ፎርኤቨር "ሆትሲት" የሚል አጨዋወት አለው። አንዱ ይነዳል፣ ሰዓቱ ይመዘገባል፣ ከዚያ ወንበሩን ለቆ ሌላው ይገባል። ብዙዎቹ መንገዶች አንድ ደቂቃ እንኳ አይፈጁም። ስለዚህ ተራ መጠበቁ አይመርም። አምስት ስድስት ልጅ በተሰበሰበበት ቤት ከዚህ የተሻለ አላውቅም።

ኪቦርዱ ይሰርቃል

አሁን ከሁሉም በላይ ልታውቁት ወደሚገባው ነገር መጣሁ። አንድ ክረምት ሙሉ ወንድሜ ደካማ ሾፌር ነው ብዬ አምን ነበር። እኔ ቀስቶቹን እይዛለሁ፣ እሱ ደብልዩ፣ ኤ፣ ኤስ፣ ዲን ይይዛል። መታጠፊያ ላይ እኩል ስንደርስ እኔ እታጠፋለሁ፣ እሱ ቀጥ ብሎ ግድግዳ ይገባል። "ተጫንኩት እኮ! አልታጠፍ አለኝ!" እያለ ያለቅሳል። አላመንኩትም። እውነቱን ነበር።

ኪቦርድ ላይ ወደ 100 የሚጠጉ ቁልፎች አሉ። ለእያንዳንዱ ቁልፍ የራሱ ሽቦ ቢዘረጋለት ኪቦርዱ ይወደዳል። ስለዚህ ሽቦዎቹ እንደ ዳማ ሰሌዳ በአግድምና በቁም ተዘርግተዋል። ቁልፉ የሚቀመጠው ሁለቱ በሚሻገሩበት ቦታ ነው። አንድ ቁልፍ ስትጫኑ አንድ አግድም ከአንድ ቁም ጋር ይነካካል፤ ኪቦርዱም የትኛው እንደሆነ ያውቃል። ሁለት ቁልፍ ብትጫኑም ያውቃል። ችግሩ ሦስተኛው ላይ ነው። የተጫናችኋቸው ሦስት ቁልፎች የአንድ አራት ማዕዘን ሦስት ጥግ ላይ ከወደቁ፣ ኤሌክትሪኩ ዞሮ ይመጣና አራተኛው ጥግም የተጫነ ያስመስለዋል። ርካሽ ኪቦርድ የትኛው እውነት፣ የትኛው ሐሰት እንደሆነ መለየት አይችልም። ስለዚህ ስህተት ከምሠራ ብሎ ሦስተኛውን ቁልፍ ጭራሽ አይቀበለውም።

መኪና ስትነዱ አንዱ ሰው ቢያንስ ሁለት ቁልፍ ይይዛል፤ ነዳጅና መሪ። ሁለት ሰው አራት ቁልፍ ነው። ሁለታችሁም መታጠፊያ ላይ እኩል ስትደርሱ፣ ማለትም ውድድሩ በጣም በሚያጓጓበት ሰዓት፣ ኪቦርዱ የአንዱን ይውጣል። ዘግይቶ የተጫነው ይቀጣል።

የእናንተ ኪቦርድ የትኞቹን እንደሚውጥ ለማወቅ ኖትፓድ ክፈቱ። አንዱ ሰው የላይኛውንና የግራውን ቀስት ተጭኖ ይያዝ። ሌላው ደብልዩን ተጭኖ ሳይለቅ ኤ የሚለውን ፊደል ይጨምር። ፊደሉ ካልወጣ ተውጧል። ሌሎች ፊደሎችን እየቀያየራችሁ ሞክሩ። የማይዋጡትን አራት አምስት ቁልፎች ስታገኙ ጌሙ ላይ እነሱን መድቡ።

ሺፍት፣ ኮንትሮልና ኦልት ብዙ ጊዜ ከዚህ ጣጣ ነጻ ናቸው። ከሌላ ቁልፍ ጋር አብረው እንዲጫኑ የተሠሩ ስለሆኑ ሽቧቸው ይለያል። ለነዳጅ አንዱ ግራ ሺፍትን፣ ሌላው ቀኝ ኮንትሮልን ቢይዝ ጥሩ ነው። ግን ሺፍትን አምስት ጊዜ ደጋግማችሁ ስትጫኑ ዊንዶውስ "ስቲኪ ኪስ" የሚል መልእክት አምጥቶ ከጌሙ ያስወጣችኋል። ከመጀመራችሁ በፊት ከሴቲንግ ውስጥ አጥፉት።

ከዚህ ሁሉ የሚበልጠው መላ ግን ሁለተኛ ኪቦርድ መሰካት ነው። ይህን ሳውቅ ስንት ዓመት እንደባከነ አሰብኩ። ላፕቶፑ የራሱ ኪቦርድ አለው። በዩኤስቢ ሌላ አሮጌ ኪቦርድ ሰኩበት። ዊንዶውስ ሁለቱንም እንደ አንድ ይቆጥራቸዋል። ጌሙም ልዩነቱን አያውቅም። ሽቦው ግን የተለያየ ነው፤ የአንዱ ቁልፍ የሌላውን ሊውጥ አይችልም። አንዱ ላፕቶፑ ላይ በፊደሎቹ ይነዳል፣ ሌላው በተሰካው ኪቦርድ ቀስቶች ይነዳል። ከዚህ በተጨማሪ ትከሻ ለትከሻ መገፋፋት ይቀራል። የሰው ቢሮ ውስጥ ተጥሎ የሚገኝ አሮጌ ኪቦርድ ለዚህ ይበቃል።

አንድ የሚቀር ነገር ቢኖር፣ ሁለቱ ተጫዋቾች አንድ ዓይነት ቁልፍ መጠቀም አይችሉም። ለዊንዶውስ የዚህኛው ኤ እና የዚያኛው ኤ አንድ ናቸው።

ጆይስቲክ ገዝታችሁ አልሠራ ካለ

አንድ ጊዜ ሁለት ጆይስቲክ ገዝቼ መጣሁ። አንዱ ጌም ላይ ይሠራሉ፣ ሌላው ላይ ጭራሽ አይታዩም። ባለሱቁ "ተበላሽቷል፣ ሌላ ግዛ" አለኝ። ምንም አልተበላሸም ነበር።

ዊንዶውስ ከጆይስቲክ ጋር የሚነጋገርበት ሁለት ቋንቋ አለው። የድሮው ዳይሬክትኢንፑት ይባላል። አዲሱ ኤክስኢንፑት ይባላል፤ የመጣው በ2005 ከወጣው ኤክስቦክስ 360 ጋር ነው። የ1990ዎቹ ጌሞች የሚያውቁት የድሮውን ብቻ ነው። ከኤክስቦክስ 360 በኋላ የመጡ ብዙ ጌሞች ደግሞ አዲሱን ብቻ ይሰማሉ። ርካሽ የዩኤስቢ ጆይስቲኮች አብዛኞቹ የድሮውን ይናገራሉ። ስለዚህ ኒድ ፎር ስፒድ 3 ላይ ይሠሩና ብለር ላይ ዝም ይላሉ።

አንዳንድ ጆይስቲክ ሁለቱንም ይችላል። ሎጂቴክ ኤፍ310 ከጀርባው "ኤክስ" እና "ዲ" የሚል መቀየሪያ አለው። ሌሎች ላይ መሃል ያለችውን ቁልፍ ለጥቂት ሰከንድ ተጭኖ መያዝ ነው። መቀየሪያ የሌለው ከሆነ ኤክስ360ሲኢ የሚባል ነጻ ፕሮግራም አስተርጓሚ ይሆናል፤ የድሮውን ተቀብሎ ለጌሙ እንደ አዲስ ያቀርብለታል።

በተቃራኒው ደግሞ የኤክስቦክስ ጆይስቲክ የድሮ ጌም ላይ ስትጠቀሙ ሌላ ነገር ያጋጥማል። ከፊት ያሉት ሁለት ማስፈንጠሪያዎች ለጌሙ እንደ አንድ መስመር ሁለት ጫፍ ይታዩታል። ነዳጅና ፍሬን እኩል ከተጫናችሁ ይጣፋሉ፤ መኪናው ምንም አልተጫንክም ይላል። ነዳጅና ፍሬኑን ወደ ተራ ቁልፎቹ ቀይሩት፣ ያበቃል። ጆይስቲኮቹን ደግሞ ጌሙን ከመክፈታችሁ በፊት ሰኩ። ብዙ የድሮ ጌም የሚቆጥራቸው ሲነሳ አንዴ ብቻ ነው።

የድሮ ሲዲ፣ አዲስ ዊንዶውስ

ሲዲው በእጃችሁ ኖሮ አልጫን ቢል አትደነቁ። በ1990ዎቹ አጋማሽ የወጡ አንዳንድ ጌሞች ራሳቸው 32 ቢት በሚባለው አሠራር ተሠርተው፣ ጌሙን ኮምፒውተሩ ላይ የሚያስገባው ጫኛቸው ግን ከዚያ በፊት በነበረው 16 ቢት ነው። ባለ 64 ቢት ዊንዶውስ 16 ቢት ፕሮግራም አይከፍትም። ስለዚህ ጌሙ መሥራት እየቻለ በሩ ላይ ይቀራል።

ሌላው ሴፍዲስክ የሚባለው የኮፒ መከላከያ ነው። ሲዲው ኦሪጂናል መሆኑን ለማረጋገጥ ዊንዶውስ ውስጥ ጠልቆ የሚገባ ክፍል ነበረው። ማይክሮሶፍት ይህን ለደህንነት ሲል በ2015 ዊንዶውስ 10 ላይ አስቀረው። ከዚያ ወዲህ በገንዘብ የተገዛው ትክክለኛ ሲዲ ሳይሠራ ይቀራል። ብዙ ሰው ይህን ለማለፍ ከየትም ያገኘውን "ክራክ" ያወርዳል። ቫይረስ የሚገባው በዚያ ነው፤ እባካችሁ ተጠንቀቁ። እንደ ጂኦጂ ያሉ መደብሮች የድሮ ጌሞችን መከላከያውን አንሥተው፣ ለአዲስ ዊንዶውስ አስተካክለው ይሸጣሉ። ለኒድ ፎር ስፒድ 3 ደጋፊዎች የሠሩት "ሞደርን ፓች" የሚባል ማስተካከያም አለ።

ጌሙ ተጭኖ ምስሉ ከተበላሸ ችግሩ ግራፊክስ ነው። በ1990ዎቹ መጨረሻ ቩዱ የሚባል የግራፊክስ ካርድ ነበር፤ ግላይድ የሚባል የራሱ ቋንቋ ነበረው። የዚያ ዘመን የመኪና ጌሞች ብዙዎቹ በእሱ ነው የሚያምሩት። ካርዱ ዛሬ የለም። ዲጂቩዱ 2 የሚባል ነጻ ፕሮግራም ግን የግላይድንና የድሮ ዳይሬክትኤክስን ትዕዛዝ ለዛሬ ካርድ ይተረጉማል። ሁለት ሦስት ፋይል ጌሙ ፎልደር ውስጥ መገልበጥ ነው።

መኪኖቹ እንደ እብድ ከፈጠኑ ደግሞ ጌሙ ጊዜን የሚቆጥረው በምስል ብዛት ነው ማለት ነው። የምስሉን ቁጥር በሰከንድ 60 ወይም 30 ላይ ገድቡት።

ሜኑው ላይ ለሌላቸው

ሞስት ዋንትድ ካልሆነ ሞቼ እገኛለሁ ለሚል ልጅ ሁለት መንገድ አለ።

አንደኛው ኢሙሌተር ነው። ኮምፒውተሩ ራሱን ፕሌይስቴሽን ያስመስላል። ፒሲኤስኤክስ 2 የፕሌይስቴሽን 2ን፣ ደክስቴሽን የፕሌይስቴሽን 1ን፣ ዶልፊን ደግሞ የኔንቴንዶን ማሽን የጌምኪዩብን ጌሞች ያስኬዳሉ። የሞስት ዋንትድና የአንደርግራውንድ 2 የፕሌይስቴሽን ቅጂ ስፕሊት ስክሪን ስላለው፣ በዚህ በኩል ላፕቶፑ ላይ ይገኛል። ኮምፒውተር ላይ ጭራሽ ያልወጡትም ይመጣሉ፤ ግራን ቱሪስሞ 2፣ ክራሽ ቲም ሬሲንግ፣ በርንአውት 3። ፕሌይስቴሽን 1ን ማስመሰል ለማንኛውም ላፕቶፕ ቀላል ነው። ፕሌይስቴሽን 2 ግን ደህና ፕሮሰሰር ይጠይቃል። ፒሲኤስኤክስ 2 ከራሱ ከፕሌይስቴሽኑ የተወሰደ ባዮስ የሚባል ፋይልም ይፈልጋል። ሕጉን ለመጠበቅ ባዮሱም ዲስኩም የራሳችሁ መሆን አለባቸው። የቆየ ፕሌይስቴሽን 2 ቤቱ ያለ ሰው እንዳይጥለው የምለው ለዚህ ነው።

ሁለተኛው ኑክሊየስ ኮኦፕ ነው። ይህ ስክሪን የሚከፍል ጌም አይደለም፤ አንዱን ጌም ሁለት ጊዜ የሚከፍት ነጻ ፕሮግራም ነው። ሁለቱን መስኮት ጎን ለጎን ያስቀምጣል፣ አንዱን ጆይስቲክ ለአንዱ፣ ሌላውን ለሌላው ይሰጣል፣ ከዚያ ሁለቱ ጌሞች በላን የተገናኙ ሁለት ኮምፒውተሮች ይመስላቸዋል። ወደ ጉግሱ ስንመለስ፣ አሁን ሜዳው ራሱ ሁለት ሆኗል። በሁለቱ ሜዳ መካከል "የአንተ ባላጋራ አሁን እዚህ ደርሷል" እያለ የሚመላለስ መልእክተኛ አለ። ስለዚህ ስሌቱም፣ ሜሞሪውም፣ ሁሉም ነገር እጥፍ ነው። 4 ጊጋ ሜሞሪ ያለው ላፕቶፕ ላይ አልመክርም። ጌሙ ላን ሊኖረው ይገባል፣ ኑክሊየስም ያንን ጌም ማወቅ አለበት። የሚያውቃቸውን ዝርዝር እዚያው ፕሮግራሙ ውስጥ መፈለግ ይቻላል።

እኔ ብሆን መጀመሪያ ኢሙሌተሩን እሞክራለሁ። እዚያ ስፕሊት ስክሪኑን የሠሩት ጌሙን የሠሩት ሰዎች ናቸው። ጽሑፉ፣ የፍጥነት መቁጠሪያው፣ ካርታው ሁሉ ለግማሽ ስክሪን ታስቦ ነው የተቀመጠው።

ላይና ታች ወይስ ግራና ቀኝ?

ጌሙ ምርጫ ከሰጣችሁ ለመኪና ላይና ታች ይሻላል። 1920 በ1080 የሆነ ስክሪን ላይና ታች ሲከፈል ለእያንዳንዱ 1920 በ540 ይደርሰዋል፤ ሰፊና አጭር። ግራና ቀኝ ከሆነ 960 በ1080፤ ጠባብና ረጅም። መኪና ስትነዱ ሰማዩን ማየት ምንም አይጠቅማችሁም። የሚጠቅመው ጎኑ ነው፤ የመታጠፊያው አፍ ከየት እንደሚከፈት፣ ማን ሊቀድማችሁ እንደመጣ። ከደጀን ወደ ዓባይ በረሃ ጠመዝማዛውን የወረደ ሾፌር ዓይኑ ወዴት እንደሚሄድ ብትጠይቁት ይነግራችኋል።

ቤት ውስጥ ቴሌቪዥን ካለ በኤችዲኤምአይ ገመድ ላፕቶፑን ሰኩበት። ግማሽ ስክሪን ላይ ስትጫወቱ የስክሪን ትልቅነት ከምንም በላይ ያግዛል። ተጭናችሁ ቆይቶ የሚታጠፍ ከሆነ የቴሌቪዥኑን ሴቲንግ ክፈቱና "ጌም ሞድ" የሚለውን አብሩ፤ ምስሉን ለማሳመር የሚያባክነውን ጊዜ ይቀንሳል።

ለእህቴ ልጆች በስተመጨረሻ ያዘጋጀሁላቸው ሱፐርተክስካርትና ኒድ ፎር ስፒድ 3 ነው። ትልቁ በላፕቶፑ ኪቦርድ፣ ትንሹ በተሰካው ኪቦርድ ይነዳሉ። ባለፈው እሑድ ወንድሜ ከባሕር ዳር መጥቶ ነበር። ልጆቹን አስነሥተን ሁለታችን ተቀመጥን። እሱ እንደ ድሮው ፊደሎቹን ያዘ፣ እኔ ቀስቶቹን፤ በየራሳችን ኪቦርድ። ከአምስት ዙር አራቱን አሸነፈኝ።